የጀርባ ብርሃን

ጥቅምት 4

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? አዎ፣ ሳሉ ለቆኛል። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ጣሪያው አያፈስም። የጠየቅኸኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መለስኩልህ፤ አሁን የኔን ወሬ ስማ።

ደብዳቤህን ሾፌሩ ከቆርቆሮ ጭነቱ ጋር አመጣልኝ። ጽሕፈትህ ዛሬም ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። የቀለበት ጣትህን የጀልባ ገመድ ቆርጦ ከጣላት ወዲህ በአራት ጣት መጻፍ ትለምዳለህ ብዬ ነበር፤ ይኸው ጎልማሳ ሆነህም አልለመድክም።

ሥራሽ ምን ይመስላል ላልከው፣ እናንተ ግንባር ላይ ጨለማ ውስጥ እያራሳችሁ ካርታ የምታነቡበትን ዱቄት ነው የምንሠራው። ጀልባዎቹ ጠዋት ጠዋት የባሕር ነፍሳቱን በባልዲ ያመጡልናል። ሰሊጥ ነው የሚያክሉት፤ በሕይወት እያሉ ሲነኳቸው ሰማያዊ ብርሃን ይተፋሉ። ወንፊት ላይ እናሰጣቸዋለን፣ ሲደርቁ እንፈጫቸዋለን፣ በቆርቆሮ እናሽጋቸዋለን። ሞተውም ደርቀውም ውሃ ሲነካቸው ይበራሉ፤ እንዲህ ያለ ጉድ አይተህ ታውቃለህ? ከመታሸጉ በፊት እያንዳንዷ ሴት ከፈጨችው ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ እንትፍ ትልበታለች፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ ታያለች። ከበራ አለፈ። እጇን በሳሙና ታጥባ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ጨርቅ ስንከናነብ ያየን ሰው ለቅሶ የተቀመጥን ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማሙሽ ደብዳቤህ ጥግ ላይ የጫጫራትን አየሁ። ሌሊት ስንጓዝ የምንቀባው ዱቄት ከጀርባ ላይ ይበናል፣ ከፊቴ ያለው ሰው ይጠፋብኛል ይላል። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቁመቱ ጣሪያ ቢነካም ለኔ ያው ማሙሽ ነው፤ እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ጨለማ ውስጥ መንገድ ጠፍቶበት ሲቆም ታየኝና አንጀቴን በላው። ስለዚህ አንድ ነገር ሞከርኩ። ዱቄቱ ላይ ትንሽ የዓሣ ሙጫ ፈጭቼ ጨመርኩበት። ጨርቅ ላይ ሲቀቡት ሙጭጭ ይላል፣ ነፋስም አያነሳውም። አንድ ቆርቆሮ ልኬያለሁ፤ ለናንተ ቡድን ብቻ ነው። አለቃችን አያውቁም፣ ቢያውቁ ጉዴ ይፈላል።

አንተ ልጅ፣ ማሙሽን ከዓይንህ እንዳታርቅብኝ።

እህትህ

ጥቅምት 21

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የሾፌሩ መኪና ጭቃ ውስጥ ገብታ ነበር፣ ደብዳቤዬም አብራ ተቀመጠች።

ሠራ ወይ ብለሽ በሾፌሩ አፍ ለላክሽው፣ እንዴታ! ነገሩ እንዲህ ነው። በጨለማ ስንጓዝ ክብሪት አይጫርም፣ ሲጋራ አይጨስም። ከመነሳታችን በፊት ሁሉም መዳፉን አርሶ ዱቄቱን ይነካና ከፊቱ ባለው ሰው ጀርባ ላይ ለጠፍ ያደርጋል። ከዚያ ያቺን የመዳፍ ቅርጽ እያዩ መከተል ነው። ቅርብ ላለ ሰው ብቻ ነው የምትታየው። የድሮው ዱቄት ገና ሳንራመድ ይረግፍ ነበር፤ ያንቺ ግን የምንደርስበት እስክንደርስ አብሮን ይሄዳል፣ ሲደርቅ ደግሞ ድርግም ይላል። ቡድኑ በሙሉ ስም አውጥቶለታል፤ "የእትዬ" ነው የሚሉት። አይተውሽ የማያውቁ ሰዎች "የእትዬን አቀብለኝ" ሲባባሉ ብትሰሚ ትስቂ ነበር።

እኔ የምሄደው መጨረሻ ላይ ነው። እንደኔ ያለ የቁስለኛ ረዳት የመድኃኒት ከረጢቱ ጀርባውን ስለሚሸፍነው የሚቀባ ቦታ የለውም፤ ጀርባው ጨለማ ስለሆነ ማንም አይከተለውም። ማሙሽ ግን ከመንገድ መሪው ቀጥሎ ነው፤ እግሩ ረጅም ነው ብለው ወደፊት አወጡት። አደራሽን አልረሳሁም። ግን ደንብ ደንብ ነው እትዬ፣ በመሃላችን የአንድ ቡድን ጀርባ አለ።

ማሙሽ ሰላም ብሎሻል። "ሙጫውን ከምትልክ የሚበላ ነገር ብትልክ" ይላል፤ አትስሚው፣ ጠግቦ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስጠይቆሻል፣ እኔ ለመጻፍ አፍሬያለሁ፣ ሾፌሩ ይነግርሻል።

ወንድምሽ

ኅዳር 3

ለወንድሜ፣ ማሙሽም አጠገብህ ካለ ለሁለታችሁም፣

ሾፌሩ የማሙሽን ጥያቄ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ ነገረኝ፤ አሁን ሰፈሩ በሙሉ አውቆታል። የልብስ ሰፊው ልጅ ደህና ናት በለው። አዎ፣ ትስቃለች። በማን እንደምትስቅ ግን አላጣራሁም።

ጦሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ነው ስለሚባለው ወሬ በሾፌሩ በኩል ጠይቀኸኛል፤ እኛም ጋ ይወራል። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። የምሰማው ያንተን ደብዳቤ ብቻ ነው።

የሙጫው ነገር ታወቀብኝ። አለቃችን ድንገት መጥተው ምንድነው የሚሸተው አሉ። መቼስ ዓሣን መደበቅ አይቻልም። ያባርሩኛል ስል፣ ጭራሽ ዱቄቱን ቀብተው ጨርቅ ሲከናነቡ፣ ሲገልጡ፣ ሲከናነቡ ዋሉ። ምን እንዳሰቡ እንጃ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ላጫውታችሁ። ትናንት ሽርጤን ላጥብ ገባሁ። የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል፣ በዳበሳ ነው የማጥበው። ሽርጡን ሳፋው ውስጥ ብነክረው ቦግ! ደርቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ሽርጥ እኮ ነው። ሙጫው ዱቄቱን ይዞት ኖሯል። ጎረቤቴ በበሩ አንገቷን ብቅ አድርጋ "ሳፋሽ ተቃጠለ!" ብላ ስትጮኽ እኔ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለማሙሽ አንብብለት፣ ይስቅልኝ።

ብርድ ሳይገባ ወፍራም ካልሲ እልካለሁ። ከዓይንህ አታርቀው ብያለሁ። ደንብ ደንብ ትለኛለህ፤ እኔ ደግሞ እህት ነኝ።

እህትህ

ኅዳር 26

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ዝምታዬ ይቅርታ። ደህና ነኝ፣ እጄን ትንሽ ስላመመኝ ነው፤ ለዚህም ነው ደብዳቤዬ ያጠረው።

ካልሲው ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማሙሽ ለምን ጥግ ላይ አልጻፈም ላልሽው፣ ወደ ሌላ ቡድን ተዛውሯል። ሩቅ ነው፣ ለጊዜው ደብዳቤ አይደርስበትም። የሳፋውን ደብዳቤ አብረን ነው ያነበብነው። በጣም ሳቀ። ሁለት ጊዜ አስነበበኝ።

ዱቄት አትላኪልን። በቂ አለን።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 8

ለወንድሜ፣

እጅህ እንዴት ሆነ? ያመመህ የትኛው ነው? ቁስል ነው ወይስ ብርድ? ሐኪሙ አንተ፣ በሽተኛው አንተ፤ ለማን ይነገራል!

ዱቄት አትላኪ ማለትህ አልገባኝም። በቂ አለን ትላለህ፤ አንዲት ቆርቆሮ እኮ ናት የላክሁት። ደግሞስ ማሙሽ በሄደበት ማን ይቀባዋል? እዚያ ያሉት ያንን የሚበነውን ነው የሚጠቀሙት። አድራሻውን ስጠኝ፣ ለሱ ለብቻው እልካለሁ።

ለነገሩ መላኬም ላያስፈልግ ነው። ስማ እንግዲህ፣ የምሥራች! አለቃችን ባለፈው ሳምንት ከበላዮቻቸው ጋር መጡ። መሃል ወለሉ ላይ አቁመው ሙጫውን እንዴት እንደምትቀላቅዪ አሳዪ አሉኝ። ጨርቁን ተከናንበው አይተው፣ ተነጋግረው፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ ማድረቂያ ቤቱ በሙሉ በሙጫ ይሥራ አሉ። ለሁሉም ጦር ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ጭነት ታሽጎ ወንፊቱ ሥር ተደርድሯል። ለማሙሽ ንገርልኝ፣ ደብዳቤ ጥግ ላይ የጫጫራት ነገር የመንግሥት ጉዳይ ሆነች በለው። ከእንግዲህ ማንም ልጅ ከፊቱ ያለው ሰው አይጠፋበትም።

አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅህ ነው፣ በእውነት መልስልኝ። ሾፌሩ ሁልጊዜ ሲመጣ ሻይ ሳይጠጣ አይሄድም። አሁን ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ያመጣውን በመስኮት ሰጥቶኝ ሄደ። ማሙሽ እንዴት ነው ብለው፣ "ወንድምሽ ይጽፍልሻል" አለኝ።

ምን ደብቀኸኛል?

እህትህ

ታኅሣሥ 19

ለእትዬ፣

ይህንን ደብዳቤ ብቻሽን አታንብቢው። ጎረቤትሽን ጥሪያትና አጠገብሽ ትቀመጥ።

ማሙሽ የለም። አልተዛወረም፣ ዋሸሁሽ። መርዶው ወዳንቺ ያልመጣው፣ ስንመዘገብ የቅርብ ዘመድ በሚለው ላይ እኔን ስለጻፈ ነው። ወረቀቱን ለኔ ሰጡኝ። አንቺ ጋ እንዳይደርስ ሾፌሩን ለምኜ ነበር፤ እሱ ላይ አትፍረጂ።

እንዴት እንደሆነ ላልነግርሽ ለራሴ ምዬ ነበር። በበሽታ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ደብዳቤሽ ሲመጣ ግን፣ ለሁሉም ጦር ነው የሚሄደው የሚለውን ሳነብ፣ መዋሸት አቃተኝ። ከነገርኩሽ አንቺን እገድልሻለሁ። ካልነገርኩሽ ደግሞ የሌላ ሰው ማሙሽ ይሞታል። ይቅር በይኝ እትዬ። ሳስበው ከርሜ ነው።

የሳፋውን ደብዳቤ አንብበን በሳቅን ማግስት ወደ ኋላ እንድናፈገፍግ ታዘዝን። ወንዝ መሻገር ነበረብን። ከኋላችን ካለው ኮረብታ ላይ ጠላት ያየናል ተብሎ ዱቄት እንዳንቀባ ተከለከልን፣ አልቀባንምም። የለበስነው ግን በፊተኛው ጉዞ የተቀባውን ሸሚዝ ነው። ደርቆ ነበር፣ ጨለማ ነበር፣ ያለቀለት መስሎን ነበር። አንቺ ደርቆ የከረመ ሽርጥ ሳፋ ውስጥ በራ ብለሽ ጽፈሽልናል። እኔ አንብቤዋለሁ፣ ማሙሽ ሰምቶታል፣ ግማሹ ቡድን ስቆበታል። ማንኛችንም ወንዝ ማለት ሳፋ ማለት ነው ብለን አላሰብንም።

ውሃው ጀርባችን ላይ ሲደርስ መዳፎቹ ሁሉ በሩ። የቀረውን አልጽፈውም።

እኔ መጨረሻ ላይ ነበርኩ፣ ከሩቅ ነው ያየሁት። ጀርባዬ ጨለማ ስለነበረ ተረፍኩ። ማሙሽን አውጥቼ በእጄ ነው የቀበርኩት። ፊቱ ደህና ነበር።

ይህን የምጽፈው አንቺን ለመክሰስ አይደለም። ያቺ ዱቄት ብዙ ጨለማ አሻግራናለች። ግን አስቁሚው። ዛሬውኑ ሂጂና አስቁሚው፤ የወጣም ካለ ይመለስ። እጄ አላመመኝም ነበር። መጻፍ ፈርቼ ነው።

ወንድምሽ

ጥር 6

ለወንድሜ፣

እንዴት ነሽ ብለህ በሾፌሩ ልከህብኛል። እንዴት እሆናለሁ?

ከወር በላይ ያለ ለቅሶ አኖርከኝ። እሱ አፈር ውስጥ፣ እኔ እዚህ እየሳቅሁ፣ የልብስ ሰፊውን ልጅ በማሙሽ እያበሸቅሁ። ለዚህ አልምርህም ብዬ ነበር። አሁን ደክሞኛል፣ ምሬሃለሁ።

ደብዳቤህን እንዳልከኝ ከጎረቤቴ ጋር ነው ያነበብኩት። መጨረሻው ላይ ሳልደርስ ደርቆ የተሰቀለውን ሽርጤን አንስቼ ወደ ማድረቂያ ቤቱ ሮጥኩ። ነጠላ ጫማዬ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ባልዲ ውሃ አመጣሁ፣ ሽርጡን ነከርኩት፣ ጥቁሩን ጨርቅ ባልዲው ላይ አለበስኩና አለቃችንን ግቡ አልኳቸው። ገቡ። ሲወጡ "ይሄ ሽርጥ መቼ ነው ዱቄት የነካው?" አሉኝ። ወንድሜ ሞቷል አልኩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ጨርቁን እየተከናነቡ አዩ፤ ካዩ በኋላ ያለቀሱት ይበዛሉ። አለቃችን ወዲያው ቁጭ ብለው ለበላዮቻቸው ጻፉ። መዳፍ ላይ ስንሞክር፣ በሳሙና ስንታጠብ ኖርን፤ አንድም ቀን ጨርቅ ቀብተን፣ አድርቀን፣ መልሰን አላራስንም።

አንድ መኪና ወጥቶ ነበር። ሾፌሩ ሳይተኛ ተከትሎት ሄዶ መለሰው። ሙሉ ጭነቱን ወደ ባሕሩ ደፋነው። በቀን ስለሆነ ምንም አይታይም ነበር፤ ውሃ ላይ የተደፋ ዱቄት ነው።

ሙጫው ቀርቷል። አሁን የሚበነውን ነው የምንሠራው። ይብነን።

ወንድሜ፣ አንተ አልከሰስኩሽም ትላለህ። እኔ ግን ስነሳም ስቀመጥም የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ያቺን ሙጫ የፈጨሁት እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነበር። እኔን አፈር ይብላኝ።

ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። ሸሚዙ ካለ ላክልኝ፣ እንዳታጥበው። ሁለተኛ፣ ከኋላው የነበረው፣ ጀርባውን የቀባው ሰው ማን ነው? ልረግመው አይደለም። በሕይወት ካለ ልጽፍለት ነው።

እህትህ

ጥር 20

ለእትዬ፣

ሸሚዙን ልኬያለሁ። ከላዩ ካወለቅሁት ጀምሮ አድርቄ በላስቲክ ጠቅልዬ ያዝኩት፣ ውሃ አልነካውም። ባልልከው ደስ ይለኝ ነበር። እባክሽን አታርሺው፤ ሣጥን ውስጥ አስቀምጪውና ይቅር።

ከኋላው ስለነበረው ሰው ለጠየቅሽኝ፣ አታውቂውም። እሱም ደህና አይደለም፤ አትጻፊለት። ምን ብሎ እንደሚመልስልሽ አያውቅም።

ፈቃድ ሰጥተውኛል። እመጣለሁ ወይ እንጃ። ምን ዓይን ይዤ በራችን ላይ እቆማለሁ? ማሙሽ የት አለ ብለሽ ሳትጠይቂኝ፣ በሩን ከፍተሽ ከኋላዬ ስትመለከቺ ይታየኛል።

ወንድምሽ

የካቲት 2

ለወንድሜ፣ ለልቤ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬ ደህና ነኝ ስልህ እመነኝ።

ሸሚዙ ደረሰኝ። አታርሺው ብለኸኝ ነበር። መቼ ሰምቼህ አውቃለሁ?

ምሳ ሰዓት ላይ ሴቶቹ ሲወጡ ወንፊቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ በሆዱ አስተኛሁት፣ ጀርባው ወደ ላይ። ጥቁሩን ጨርቅ ከነሸሚዙ ተከናነብኩ። ትንሽ ውሃ በእጄ ረጨሁበት። ወንዙ አጥቦታል፣ ምንም አይቀርም ብዬ ነበር። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ደብዘዝ ብሎ መጣ፣ መሃል ጀርባው ላይ።

መዳፍ ነው። አውራ ጣት አለ፣ ጠቋሚ አለ፣ የመሃል ጣት አለ። ከዚያ ባዶ ነው። ከዚያ ትንሿ ጣት።

ያችን እጅ እኔ ነኝ በጨርቅ የጠቀለልኳት፣ ገመዱ የቆረጣት ቀን። አላውቃትም?

መጨረሻ ላይ ነበርኩ ያልከኝ ውሸት ነው። ከሩቅ ነው ያየሁት ያልከኝም ውሸት ነው። ከዓይንህ አታርቀው እያልኩ ስለጨቀጨቅሁህ ደንቡን ጥሰህ ወደፊት ሄደሃል። ከረጢትህ ጀርባህን ጨለማ አድርጎት፣ ከኋላህ ያለው ሰው ከረጢትህን ጨብጦ ሳይከተልህ አልቀረም። ወንዙም ውስጥ እዚያው ነበርክ፣ ከማሙሽ ቀጥሎ። የገዛ መዳፍህ ፊትህ ላይ ሲበራ ያየኸው አንተ ነህ። እንዲህ ያለውን ነገር ለብቻህ ተሸክመህ፣ ለኔ ፊቱ ደህና ነበር ብለህ ትጽፍልኛለህ። ወይኔ ወንድሜን!

አለቀስኩ፣ አልዋሽህም፤ ጨርቁ እስኪርስ አለቀስኩ። ግን ስማኝ፣ አንድ ነገር ከላዬ ተነሳ። እስከዛሬ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማየው ማሙሽ ብቻውን፣ ከፊቱም ከኋላውም ሰው የሌለው ሆኖ ነበር። አሁን እጅህን አየኋት። እኔ አዝዬ ባሳደግሁበት በኔ ጀርባ ላይ አይደለም፣ በራሱ ጀርባ ላይ፣ ያንተ እጅ። ያሳደግሁት ልጅ ከኋላው ወንድሙ ነበር። እኔ ሙጫ ጨመርኩ፣ አንተ ቀባኸው፣ እሱ ደግሞ ሳቀ። ሦስታችንም ያደረግነው እንዳንጠፋፋ ብለን ነው። ከዚህ በላይ የማስብበት አቅም የለኝም፣ አንተም አታስብ።

መዳፌን መዳፍህ ላይ አድርጌ እስኪጠፋ ድረስ ቆየሁ። ቀስ እያለ ጠፋ። ደግሜ ውሃ አልረጨሁበትም። ሸሚዙን አጥቤ አሰጣሁት፤ አሁን ሸሚዝ ነው፣ ክርኑ ላይ ቀዳዳ አለው፣ በመርፌ ልጠቅመው ነው።

ለዚያ ለማላውቀው ሰው እጽፍለታለሁ ብዬህ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩለት። ፈቃድህን ይዘህ ና። በሩን ስከፍት ከኋላህ አልመለከትም። በዚያችው እጅህ አንኳኳ።

እህትህ